ለእግር እብጠት የትኛው ዋግምት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ደሴ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ የካልሲዬ ላስቲክ ምልክት ይተዋል። ደላንታ ያለችው እናቴ ደግሞ ሁለቱም እግሯ ካበጠ ዓመታት አልፈዋል። ቲክቶክ ላይ «የሊምፍ ፈሳሽን ያስወጣል» የተባለ የዋግምት ዕቃ አይቼ ለሁለታችን ልገዛ ነው። ፓምፕ ያለው ፕላስቲኩ ይሻላል ወይስ ሲሊኮኑ? ወይስ ሒጃማ ቤት ልውሰዳት?

መልስ፦ ለእርስዎ ሲሊኮኑ ይሻላል። ለእናትዎ ግን አንዱንም አይግዙ።

ሊምፍ ከሰውነታችን ሥጋ መሀል ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው። ትንንሾቹ የሊምፍ ቧንቧዎች ከቆዳ ሥር ወዲያው ነው ያሉት፤ በጣም ስስ ናቸው። በኃይል መሳብ አይስማማቸውም። በፓምፕ ስበው ክብ ጥቁር ምልክት ከወጣ፣ ብዙ ሰው እንደሚለው «ቆሻሻው ወጣ» ማለት አይደለም። ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጥሰው ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ቀንዱና በእሳት የሚያዘው ብርጭቆም ኃይላቸውን መመጠን ያስቸግራል።

ሲሊኮኑን ሲመርጡ በሁለት ጣት ይጫኑት። በቀላሉ የሚታጠፈውን፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን ይውሰዱ። እግርዎን ዘይት ቀብተው፣ ቆዳው በትንሹ ብቻ ከፍ እስኪል ያስይዙትና ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ቀስ እያሉ ያንሸራቱ። አንድ ቦታ አያቁሙት። ካመመዎት ይተዉት። ያበጠ የደም ሥር ወይም ቁስል ላይ በፍጹም አይሞክሩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጥቅሙ በጥናት በደንብ የተረጋገጠ አይደለም። በሥራ መሀል ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግና ማታ እግርን ትራስ ላይ ሰቅሎ መተኛት ይበልጣል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ወደ እናትዎ ልመለስ። በባዶ እግራቸው ሲያርሱና ሲያጭዱ ኖረው እብጠቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ከወጣ፣ ዝሆኔን እጠረጥራለሁ። በደጋው አገራችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀይ አፈር ነው። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲህ ያለ እግር በምላጭ ሲበጣ ወይም ሲመጠጥ ቆዳው ይከፈትና ባክቴሪያ ይገባል። ከዚያ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ብሽሽታቸው ንፍፊት ያወጣል፤ እብጠቱም ይብሳል። እባክዎ ሒጃማ ቤት አይውሰዷቸው።

መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የልብና የኩላሊት ችግርም ሁለቱንም እግር ያሳብጣል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፣ እዚያ ይውሰዷቸው። ዝሆኔ ከሆነ የዋግምቱ ገንዘብ መታጠቢያ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ሽፍን ጫማ ይግዛ። እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና ያጥቡላቸው፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር በደንብ ያድርቁና ቫዝሊን ይቀቡ። እግር በሚዘፈዘፍበት ውሃ ላይ በረኪና ጠብ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ መጠኑን ግን ባለሙያው ያሳይዎ። ጫማውን ሲገዙ ልካቸውን ማታ ይውሰዱ፣ እብጠቱ የሚጨምረው ያኔ ነው።