ሁሉም በእጁ የሚያወራበት ደሴት

ልጆቼ፣

መስማት የተሳናቸውን ልጆች ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከተማሪዎቼ ጋር የምንጫወታት ጨዋታ ነበረች። "እስቲ ሁለት አገር ፍጠሩ" እላቸዋለሁ። በአንደኛው አገር ሁሉም ሰው በእጁ ያወራል። በሌላው በእጅ ማውራት ክልክል ነው። ከዚያ ቡድን ቡድን ሆነው ይሠሩታል።

የመጀመሪያው አገር ሁልጊዜ ጫጫታ ነው። ቲማቲም ሻጯ በእጇ ትከራከራለች፣ ደላላው በእጁ ይዋሻል፣ ሁሉም ይስቃል። አንድ ዓመት የሁለተኛውን አገር እንድትሠራ የወጣች ልጅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተች። ሌላ ምንም አልሠራችም። ክፍሉ በሙሉ ገባው።

ልጆቹ ሁለቱንም አገር ከልባቸው ያመነጩ ይመስላቸው ነበር። ሁለቱም ግን በእውነት ነበሩ።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዳርቻ፣ ማርታስ ቪንያርድ የሚባል ደሴት አለ። እዚያ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መስማት አለመቻል በዘር ሲወርድ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን ቺልማርክ በምትባለው መንደር ከ25 ሰው አንዱ ገደማ አይሰማም ነበር። ታዲያ መንደሩ ምን አደረገ? ሁሉም የምልክት ቋንቋ ቻለ። ሕፃን አፉን ሲፈታ እጁንም አብሮ ይፈታ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ጀልባ በእጃቸው ይነጋገራሉ። የሚሰሙ ሰዎች እንኳን እርስ በርሳቸው፣ አጠገባቸው መስማት የተሳነው ሰው ሳይኖር፣ በምልክት ያወሩ ነበር። መስማት የተሳናቸውም እንደ ጎረቤቶቻቸው አርሰዋል፣ ነግደዋል፣ አግብተው ወልደዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት አጥኚ ሄዳ አዛውንቶቹን ስትጠይቅ፣ እገሌ ይሰማ ነበር ወይስ አይሰማም የሚለውን ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ነበረባቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይሄ ነው። ጆሮው የማይሰማ ሞልቶ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የተገለለ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው አገር ደግሞ በጣም ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 የእኛው ሙያ ሰዎች ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ተሰብስበው ትምህርት በንግግር ብቻ ይሁን፣ የምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። ከ160 በላይ ተሰብሳቢ ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ልጆች በምልክት ስላወሩ እጃቸውን ተመቱ፣ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረጉ። ያቺ ተማሪዬ ይህን ታሪክ ማንም አልነገራትም። እጇን ጭኗ ሥር ስትከት ግን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ልጅ ሆና ነው የተቀመጠችው። የሙያው ጉባኤ ውሳኔውን በይፋ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ። አስተማሪ ነኝና ይሄ ያመኛል። ውሳኔውን ያሳለፉት ለልጆቹ የሚበጅ ነገር የሠሩ የመሰላቸው ሰዎች ናቸው። የጎደለው ልጆቹን መጠየቅ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። የጣት ፊደላችንን አይታችሁት ታውቃላችሁ? በጣም ውብ ነገር ነው። ለ"በ" አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። ቡ፣ ቢ፣ ባ ስትሉ ቅርጹ ያው ነው፤ የሚለወጠው እንቅስቃሴው ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ሰባቱም ይሄዳል። ፊደል የቆጠረ ሰው የራሱን ስም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ከዚያ ይጀመራል።

ሌላው ቀላል ነው። ስታወሩ ፊት ለፊት ሁኑ። ለመጥራት ትከሻ ነካ ማድረግ ይበቃል። አስተርጓሚ ካለ ዓይናችሁን ከባለ ጉዳዩ ላይ አትንቀሉ። "ደንቆሮ" የሚለውን ስድብ ደግሞ ለማንም አትጠቀሙበት፤ ሲሳደቡበት የምታዩት ልጅ ከንፈር ማንበብ ይችላል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፣ ሆዷን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካርድ አውጥታ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። መልእክት ልካልኝ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ካርድ ክፍል ጠየቅኩ። "ሦስቴ ጠርተናታል፣ የለችም" አሉኝ። ካርዷ ከሁሉም ሥር ገብቷል። አምስት ሰዓት ሙሉ በሩን እያየች ከቦታዋ አልተነሳችም። የተናደደች መስሎኝ ነበር። በጣም ደክማ በእጇ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ "ይሄ ሁሉ አፍ ይንቀሳቀሳል። ስሜን የሚጠራው የትኛው ነው?"

መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ለቀጠሮ አብረን ሄድን። ጥበቃው ያን ቀን የሆነውን ሁሉ አይቶ ነበር። ጠጋ አለኝና "ጋሼ፣ ተራሽ ደርሷል በእጅ እንዴት ይባላል?" አለኝ። እሷን ጠይቃት አልኩት። አሳየችው። ሞከረ፣ ተሳሳተ። እንደገና ሞከረ። እጁን ያዘችና አውራ ጣቱን በቀስታ አስተካከለችለት።