ዲስኩንም ቦርዱንም አትጣል፣ መጀመሪያ ዲስኩ የሚሰካበትን ፖርት ቀይር

ከኮምቦልቻ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አብሽር። «ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ፣ ቦርዱ ኤች 67 ነው። ከሰዓት በኋላ ሃርድ ዲስኩ ይጠፋል። ኬብልም ዲስክም ቀየርኩ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ያው ነው። ልጣለው?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል።

እኔ ደሴ ውስጥ ጥገና እሠራለሁ። በዚህ ነገር አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ኮምፒውተሩን በሚኒባስ ጭኖ፣ ሐረጎን ወጥቶ አመጣልኝ። ዲስክ ነው ብዬ ቀየርኩለት። በሳምንቱ ተመለሰ። ደግሜ ቀየርኩ። በሦስተኛው አፈርኩና የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ከፈትኩ። 05 እና ሲ5 የሚሉት መስመሮች ዜሮ ናቸው። ሲ7 ግን ትልቅ ፋይል ኮፒ ባደረግኩ ቁጥር ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲያድጉ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነው። ሲ7 ብቻ ሲያድግ ዳታው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። የሰውዬው ኬብል በኬዙ ክዳን ተጨፍልቆ ኖሯል! የሁለቱንም ዲስክ ዋጋ መለስኩለት፣ ምን ይደረግ።

አንተ ኬብሉን ቀይረሃል። ያንተ ቺፕሴት (ቦርዱ ላይ ዲስኩን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) ግን የታወቀ ታሪክ አለው። ኢንቴል በጃንዋሪ 31 ቀን 2011 ኤች 67ን ጨምሮ የ6 ሲሪዝ ቺፕሴቶቹ ችግር እንዳለባቸው ራሱ ተናገረ። ከ2 እስከ 5 ያሉት ባለ 3 ጊጋቢት የሳታ ፖርቶች (የዲስክ ኬብል ቦርዱ ላይ የሚሰካባቸው ቦታዎች) እያደር ይደክማሉ። ለጥገናና ለቅያሪ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ይወጣል ብሎ ገመተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንዙማ ላይ ድቤ መቺውን አስብ። እሱ ምቱን ካዛነፈ አጨብጫቢውም ተቀባዩም ይደናገራል። ቺፕሴት ውስጥም ምት የሚሰጥ ክፍል አለ። ለእነዚያ ፖርቶች ምት ከሚያደርሱት ትራንዚስተሮች አንዱ ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ ተሰጥቶት ነበር። ቀጭን ሽፋኑ እየሳሳ ከረንት ያፈስሳል። በ3 ጊጋቢት ፍጥነት አንድ ቢት (አንድ 0 ወይም 1) የሚቆየው 333 ፒኮ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምቱ ትንሽ ሲዛነፍ 1 የነበረው 0 ሆኖ ይነበባል። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ይልካል፣ ይንቀራፈፋል፣ በመጨረሻ ዲስኩን ይተወዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ቀን ላይ ይሞቃል። የሚያፈስ ትራንዚስተር ሙቀት ሲያገኝ ይብስበታል።

ባለ 6 ጊጋቢቶቹ 0 እና 1 ግን የራሳቸው ምት ስላላቸው ደህና ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይልህን ወደ ፍላሽ ገልብጥ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሳየውን ሲፒዩ ዚ የሚባል ፕሮግራም ክፈትና የሜይንቦርዱ ገጽ ላይ የሳውዝብሪጅን (የቺፕሴቱን) መስመር እይ። ቢ2 ካለ ችግር ያለበት የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ቢ3 የታረመው ነው። ቢ2 ከሆነ ዲስኩን ወደ 0 ወይም 1 አዙረው። ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያሉ፣ ካልሆነም አጠገባቸው የተጻፈውን አንብብ። ዲቪዲው እዚያ ተሰክቶ ከሆነ ንቀለው፣ ዛሬ ማን ዲቪዲ ያያል? ቢ3 ከሆነ ግን ፓወር ሳፕላዩን ከጓደኛህ ተውሰህ ሞክር።

ሲ7 አንዴ ከወጣ አይወርድም። የዛሬውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ፖርቱን ቀይረህ አንድ ቀን ሥራበትና ነገ ማታ ስንት እንደደረሰ እዚሁ ንገረኝ።