«ሃርቪ አገኘው» ብለሽ እንዳትዘጊው

እህቴ፣ «ለክላስ ፕረዘንቴሽን የደም ዝውውርን ማን አገኘው የሚል ርዕስ ደረሰኝ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ ብዬ ብዘጋው ይበቃል?» ያልሽውን አሁን አየሁት። አይበቃም። በዚሁ ርዕስ ከ30 11 ያገኘሁ ሰው ነኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትቀላቅያቸው።)

1. ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከጋለን ጀምሪ። ከ1,400 ዓመት በላይ ሐኪሙ ሁሉ የእሱን ነበር የሚደግመው። ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ ወደ ሰውነት ይሄዳል፣ እዚያው ያልቃል። መመለስ የለም።

2. ኢብን አል ናፊስን እንዳትዘይው። በ13ኛው መቶ ዘመን ካይሮ የሠራ ሐኪም ነው። ጋለን በልብ ግራና ቀኝ መካከል አለ ያለውን ቀዳዳ «የለም» አለ። ደሙ በሳንባ በኩል ዞሮ ነው ወደ ግራ የሚያልፈው አለ። ጽሑፉን በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። ግን የሳንባውን መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ሙሉው ዙር የሃርቪ ነው።

3. እኔን የበላኝ ይሄ ነው። «ሃርቪ በማይክሮስኮፕ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች አየ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። መምህሩ አስቆመኝ። «ሃርቪ መቼ ሞተ?» በ1657 አልኩ። «ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ የእንቁራሪት ሳንባ ላይ ያያቸውስ?» በ1661። ክፍሉ ሳቀ። ሃርቪ በ1628 መጽሐፉን ሲያወጣ ደም ከደም ቅዳ (ከልብ ከሚያወጣው ሥር) ወደ ደም መልስ (ወደ ልብ ወደሚመልሰው ሥር) በምን እንደሚሻገር አላየም። መሻገሩን ግን እርግጠኛ ነበር።

ታዲያ ሳያይ እንዴት አወቀ? በሒሳብ። ልብ በአንድ ምት 15 ግራም ያህል ብቻ ትርጭ፣ በግማሽ ሰዓት 1,000 ጊዜ ትምታ። 15 ኪሎ ደም! ሰውየው የሠርግ ድግስ ሙሉ ቢበላ ጉበቱ ይህን ከየት ያመጣዋል? ያው ደም ነው የሚዞረው።

ሁለተኛው ማስረጃው ክንድ ነው። ጣሊያን፣ ፓዱዋ ውስጥ ሃርቪን ያስተማረው ፋብሪሲየስ የደም መልስ ቫልቮችን (በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖችን) አይቷቸው ነበር፤ ግን ደሙን የሚያዘገዩ መሰሉት። ሃርቪ ወደየት እንደሚከፈቱ ጠየቀ፤ ወደ ልብ ብቻ። እኔ በድጋሚው ፕረዘንቴሽን ይህንኑ ሠራሁት። የጓደኛዬን ክንድ ከክርኗ በላይ በላስቲክ አሰርኩ። ሥሮቿ ተነፉ፣ ቫልቮቹ ያሉበት ቦታ ቋጠሮ ቋጠሮ አወጡ። አንዱን ሥር በአንድ ጣት ተጫንኩ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ፣ ከቋጠሮው አሳልፌ ገፋሁት። ሥሩ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ከላይ ጠብ የሚል የለም። የታችኛውን ጣቴን ሳነሳ ከእጇ በኩል ወዲያው ሞላ። ያው መምህር እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ እኔ ላይ» አለ! 27 ሰጠኝ።

ላስቲኩን ብዙ እንዳታቆዪው፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሥሯ የሚታይ ቀጭን ጓደኛም ከአሁኑ ፈልጊ። እንደኔ ባለ ወፍራም ክንድ ምንም አይታይም፣ ሞክሬዋለሁ።