«ክፍት ነው» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም

ወደ በረራ ዕቅድና ቁጥጥር ሥራ ለምትገቡ ልጆቼ፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ምድር ላይ፣ በዲስፓቸር ወንበር ነው። መንገዱን መርጠን፣ ነዳጁን አስልተን፣ የአየሩን ጠባይና ኖታሙን (ስለ አየር ክልልና ስለ አየር ማረፊያ ለበረራ ሠራተኞች የሚወጣውን ማስታወቂያ) አንብበን ከካፒቴኑ ጋር እንፈርማለን። ከዚያ ሥራ ካገኘሁት አንዱን ብቻ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ፤ ይኸውም የአንድ አገር ሰማይ ክፍት መሆኑና ለመንገደኛ ደህና መሆኑ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። (ቀኖቹን የምጠቅሰው ኖታም በሚጻፍበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጁላይ 17 ቀን 2014 ከአምስተርዳም ወደ ኩዋላ ላምፑር ይበር የነበረ የማሌዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ቡክ በተባለ ሚሳይል ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ አንድ የጦር ማመላለሻ አንቶኖቭ ተመትቶ ወድቆ ነበር፤ በዚያው ዕለት ዩክሬን ከ32 ሺህ ጫማ በታች ያለውን የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ዘጋች። የማሌዥያው አውሮፕላን በ33 ሺህ ጫማ ላይ ስለነበር ምንም ሕግ አልጣሰም። የኔዘርላንድስ የደህንነት ቦርድ በ2015 ባወጣው ዘገባ ዩክሬን ክልሉን ፈጽማ ለመዝጋት በቂ ምክንያት እንደነበራት ገልጾ፣ አደጋው በደረሰበት ቀን ሰማዩ እስኪዘጋ ድረስ 160 የመንገደኛ በረራዎች እንዳለፉበት ቆጥሯል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ 160 ነው። ከእያንዳንዱ በረራ ጀርባ ኖታሙን ያነበበ አንድ የእኔ ቢጤ አለ። ኖታሙ ከፍታውን እንጂ ወሰኑ የወጣበትን ምክንያት አይናገርም ነበርና፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱ ተፈረመ።

የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ለእያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ስለሰጠ፣ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ባለቤቱ ነው። ሰማዩን የዘጋ መንግሥት ግን የማለፊያ ክፍያውን ያጣል፤ ግዛቴን አልቆጣጠርም ብሎም ያመነ ይመስላል። ስለዚህ «ክፍት ነው» የሚለውን ቃል ጥቅም ካለው ሰው እንደተሰጠ ምስክርነት አድርጋችሁ መዝኑት። ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ ባሉ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ላይ ሚሳይል በተኮሰች በሰዓታት ውስጥ የቴህራን አየር ማረፊያ እንደወትሮው መንገደኛ ያስተናግድ ነበር፤ ከዚሁ ማረፊያ የተነሣ የዩክሬን ቦይንግ 737 በራሷ በኢራን አብዮታዊ ዘብ ሚሳይል ተመትቶ 176 ሰዎች አለቁ።

አደጋው ደግሞ ሁልጊዜ ከውጭ አይተኮስም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2016 ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ የተነሣ የዳሎ አየር መንገድ ኤርባስ ገና ወደ ከፍታው እየወጣ ሳለ ላፕቶፕ ውስጥ የተደበቀ ቦምብ ፈንድቶ ጎኑን ቀደደው። ላፕቶፑን ከፍተሻው በኋላ ለአጥፊው ያቀበሉት የአየር ማረፊያው ሠራተኞች እንደነበሩ የደህንነት ካሜራ አሳይቷል። አውሮፕላኑ ተመልሶ በሰላም አረፈ፤ ከአጥፊው በቀር የሞተ አልነበረም። የበረራ ፈቃድ፣ የጥገና መዝገብ፣ የአብራሪ ብቃት፣ ሁሉም ተሟልቶ ሳለ ቀዳዳው በር ላይ የቆመው ሰው ሊሆን ይችላል። በቁጥጥር መሥሪያ ቤት የምትመደቡም ይህን አስቡ፤ ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ፍተሻ የሚያሳየው የተዘጋጀ ጣቢያን (አየር መንገዱ በሚያርፍበት ከተማ ያለውን ቢሮ) ነው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ለእኛ ክፍል አይሆንም፤ እዚያ ዝምታ ይነቅዛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ ግጭት ወዳለበት ከተማ ለሚሄድ የምሽት በረራ ወረቀት አዘጋጀሁ። ጣቢያው «ሁሉ ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ልኮ፣ ኖታሙም ንጹሕ ነበር። ካፒቴኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ አንብበው ሲጨርሱ «መመለሻ ነዳጅ ከዚሁ ይዘናል? ሻንጣውን እዚያ የሚፈትሸውስ ማን ነው?» አሉኝ። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ሳይፈርሙ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስልኬን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ብዙ ደውዬ ያገኘሁት የጣቢያው ሰው በተኩሱ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ አየር ማረፊያውን እንዳልረገጠ ነገረኝ።