የ1፡16 ቲ-34 ቀለምና ማስረጀት፦ ዋሹ ለምን ቀለሙን አነሣው? ጭረቱስ ለምን አሻንጉሊት አስመሰለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ የ1፡16 (ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያነሰ) የሶቪየት ታንክ ቲ-34/85 ሞዴል አረንጓዴ አክሪሊክ ተቀብቷል። ዋሽ (ስንጥቅና ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ጥላ የሚሰጥ እጅግ የቀጠነ ቀለም) ሲሄድበት ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ላይ ተነሣ፤ ቀለሙ የተላጠ እንዲመስል በስፖንጅ የተሠራው ጭረት ደግሞ ታንኩን አሻንጉሊት አስመሰለው። በ1፡35 ላይ ያማረው ዘዴ እዚህ ለምን እምቢ አለ?

የሁለቱ ችግሮች ምክንያት ለየቅል ነው። የቀለሙ መነሣት የኬሚካል ጉዳይ ነው፤ አሻንጉሊት መምሰሉ ግን የልኬት ጉዳይ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና።

ሞዴሉ ላይ የሚያሳርፉትን ምልክት ሁሉ በ16 ያባዙት። የ1 ሚሊ ሜትር ጭረት በእውነተኛው ታንክ ላይ 1.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመፍቻ ጫፍ ወይም የቡት ብረት ሊልጠው ይችላል። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የስፖንጅ ጠባሳ ግን 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መዳፍ የሚሞላ ቀለም ከወፍራም ብረት ላይ ያለ ምክንያት አይረግፍም። በትንሽ ሞዴል ዓይን ስለማይለየው ይታለፋል። ቲ-34/85 ከነመድፉ 8.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1፡16 ግማሽ ሜትር ይሞላል፤ ተመልካች ቀርቦ የቡሎን ራስ ሳይቀር ያያል።

ስለዚህ ስፖንጁን ስስ ላሜራ ላለበት ቦታ ብቻ ያቆዩት፦ ለፓራፋንጎው ጠርዝና ለውጭ የነዳጅ በርሜሎች። ስስ ላሜራ ሲጎብጥና ሲጋጭ ቀለሙን ያራግፋል። ሌላውን በ0 ወይም በ00 ብሩሽ በእጅ ይሥሩት፤ እያንዳንዱን ጭረት ከማሳረፍዎ በፊትም እዚህ ምን ነክቶት ነው ብለው ይጠይቁ። የሾፌሩ ክዳን ጠርዝ፣ ሰው ጨብጦ የሚወጣባቸው እጀታዎች፣ የበርሜሎቹ ማሰሪያ፣ ቱሬቱ (መድፉን የያዘው ተሽከርካሪ አናት) ላይ የክዳኑ ዙሪያ፣ እነዚህ በቂ ናቸው። ጭረቱ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ ከመሠረቱ በጥቂቱ የፈካ አረንጓዴ ይቀቡና በመሃሉ ጥቁር ቡናማ ያስገቡ፤ ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ፈካ ያለ ጠርዝ ይቅር። ያ ጠርዝ ነው ጥልቀት የሚሰጠው። የብር ቀለም ለጭረት አይጠቀሙ፤ የተገለጠ ብረት ወዲያው ይጠቁራል፣ የሚያበራው ሳያቋርጥ የሚፋቀው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተነሣው ቀለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አክሪሊኩ ሳይጠነክር ዋሽ ተደርጎበታል፣ በመሃል ቫርኒሽ አልተቀባም፣ ወይም ዋሹ የቀጠነው በላከር ቲነር ነው። ላከር ቲነርና አልኮል አክሪሊክን ያሟሙታል። ለኤናሜልና ለዘይት ቀለም ዋሽ ዋይት ስፒሪት (ከነዳጅ የሚወጣ ለስላሳ ማቅጠኛ) ብቻ ይጠቀሙ፤ ሽታ የሌለው ዓይነት ይሻላል። እሱም ቢሆን በብዛት ከፈሰሰ በውጥረት ላይ ያለ ፕላስቲክን ይሰነጥቃል። የመንኮራኩር ክንዶችና በብሎን የተወጠሩ ቦታዎች ላይ ብሩሹ ማርጠብ እንጂ ማጥለቅለቅ የለበትም።

ለመጠገን፦ 24 ሰዓት ያድርቁት፣ የተነሣውን ቦታ በ1000 ከዚያ በ1500 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይፈግፍጉ፣ ቦታውን ብቻ በኤርብረሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጭ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ) መልሰው ይቀቡ። ቀለምና ቲነር ከ1 ለ1 እስከ 1 ለ2፣ ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ርቀት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር። ከሩቅ ከተረጨ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይቀመጣል፤ ሻካራው ገጽ በኋላ ዋሹን ይመጠውና የማይለቅ እድፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ዋሹን የሚወቅሰው በዚህ ጥፋት ነው። ሶቪየቶች 4ቢኦ የሚሉትን አረንጓዴ ፈካ ለማድረግ ቢጫማ ካኪ ይጨምሩ፤ ነጭ ኖራ ያስመስለዋል።

ከዚያ ከፊል አንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ፣ እንደገና 24 ሰዓት፣ ከዚያ ዋሽ፦ 1 ክፍል ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ለ10 ክፍል ዋይት ስፒሪት። መላውን ገጽ አያጥቡ። የብሩሹን ጫፍ በቡሎኑ ሥርና በብየዳው መስመር ላይ ያስነኩት፤ ፈሳሹ ራሱ ይሮጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ትርፉን ይጥረጉ።

ዝናብ አቧራ አጥቦ ለሚተወው መስመር የዘይት ቀለሙን ካርቶን ላይ ጨምቀው አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ቀለሙም ሳያብረቀርቅ ይደርቃል። ነጥብ አድርገው በጠፍጣፋ ብሩሽ ወደ ታች ይሳቡ። 2 ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው 32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም።

ጭቃም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት 1.6 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ስለሆነ ድብልቁን በጨርቅ ወይም በጥሩ ወንፊት ይንፉት። ፒግመንት (ደቃቅ የቀለም ዱቄት)፣ ደቃቅ ጀሶና ማት ሚዲየም (የማያብረቀርቅ አክሪሊክ ማያያዣ) ይበቃል። ፈካ ያለውን ደረቅ ጭቃ አስቀድመው ከፍ አድርገው ይርጩ፤ ጠቆር ያለውን እርጥብ ከታችና ከኋላ ያክሉ። ፒግመንቱ ላይ ማት ቫርኒሽ አይርጩ፤ አቧራው ይጠቁርና ግማሹ ይጠፋል። በዋይት ስፒሪት ወይም በፒግመንት ማጣበቂያ ጠብታ ያስይዙት።

ሰንሰለቱን ብርቱካናማ ዝገት አያልብሱት። የሚነዳ ታንክ ሰንሰለት ጥቁር ቡናማና አቧራማ ነው። ቲ-34 ላይ የኋላው መንኮራኩር የሚገፋው በሰንሰለቱ መሃል የቆሙትን ቀንዶች (ጥርሶች) ስለሆነ የቀንዶቹ ጎን፣ መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበት መስመርና መሬት የሚነካው የውጭ ጠርዝ ያበራሉ። እነዚያን በ2ቢ እርሳስ ይሹ። ሞዴሉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፒኖቹን አይቀቡ፤ መጋጠሚያው ይደርቅና ሰንሰለቱ አይታጠፍም።

የመጨረሻው የኋላው ሰሌዳ ነው። በሁለቱ የጭስ ማውጫዎች ዙሪያ ጥቁር ፒግመንት በደረቅ ብሩሽ፣ ከነዳጅ ክዳኖቹ በታች ደግሞ የናፍጣ እድፍ፦ ቡናማ ዘይት ቀለም ከአንጸባራቂ ቫርኒሽ ጋር። አዲሱ ጠብታ ከአሮጌው ይልቅ ያብራ፤ አዲሱ መፍሰስ አሮጌው ላይ ተደርቦ ይታያል።

የተጠቀሙበትን ቲነር ዓይነትና ከአክሪሊኩ እስከ ዋሹ ስንት ሰዓት እንደጠበቁ ቢጽፉልን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ይቻላል።