ፐርሰንት ይሻላል ወይስ የወንበር ኪራይ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በአንድ የወንዶች ፀጉር ቤት በፐርሰንት እሠራለሁ፤ ከእያንዳንዱ ራስ ግማሹ የባለቤቱ ነው። አሁን ሌላ ፀጉር ቤት ወንበር በወር 15,000 ብር ሊያከራየኝ ነው። ልግባበት ወይስ ቆጥቤ የራሴን ቤት ልክፈት?

መልስ፦ መጀመሪያ ደብተር ያውጡ። ለ4 ሳምንት በየቀኑ ስንት ራስ እንደሠሩ ይጻፉ። የበዓል ዋዜማን ግን ለብቻው ይያዙት፤ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ወንበሩ ስለማይበርድ በዚያ ሒሳብ የተታለለ ብዙ ነው። ኪራዩ በሐምሌ ዝናብም ያው 15,000 ነው።

የአንድ ራስ ዋጋ 200 ብር ነው እንበል። አሁን ለባለቤቱ የሚተዉት 100 ብር ነው። ወንበር ሲከራዩ ግን ምላጩ፣ አልኮሉ፣ ዘይቱና የፎጣ እጥበቱ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ ለዚህ በራስ 15 ብር ቢይዙ ከዝውውሩ የሚያተርፉት 85 ብር ነው። ኪራዩን ለመሸፈን ብቻ፣ 15,000 ለ85 ሲካፈል 177 ራስ ገደማ ይመጣል፤ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው በቀን ወደ 7 ማለት ነው። በቀን 10 ከሠሩ በወር 7,100 ብር ይጨምራሉ። 8 ላይ ከሆኑ ጭማሪው 2,680 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ከመልቀቅዎ በፊት የባለቤቱ ድርሻ ወደ 40 በመቶ እንዲወርድ ቢደራደሩ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ደንበኛው ከተከተለዎት ነው። ሌላ ወንበር ክፍት ሆኖ ሳለ እርስዎን የሚጠብቀው የእርስዎ ነው፤ ባገኘው ወንበር የሚቀመጠው የቤቱ ነው። ደብተሩ ላይ የሚጠብቁትን ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከላይ ያለውን ስሌትም በእነሱ ብቻ ይሥሩት።

ወንበር ተከራይ ቶንዶሱ ሲበላሽ የሚሮጥለት የለም። ሁለት ይኑርዎ፤ አንዱ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ምላሱ (ቆራጩ ጥርስ) የሚግለውና ፀጉር የሚነጨው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደክሞ ሳይሆን ዘይት አጥቶ ነው፤ አልኮል ጀርሙን ሲገድል ዘይቱንም ያጥበዋልና። ፀጉሩን በብሩሽ ያራግፉ፣ ባለ 70 በመቶ አልኮል ያድርጉበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ማሽኑን አብርተው ከ2 እስከ 3 ጠብታ ዘይት ይጨምሩ። በረኪና ብረቱን ስለሚበላው አይሞክሩት። ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ፣ እሱ እያየ የሚከፈት ይሁን።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፦ መብራትና ውኃ የሚከፍለው ማን ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሞ ይነገራል።

የራስ ቤት ለጊዜው ይቆይ። አከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ የንግድ ፈቃዱ ጣጣ አለ፣ መስታወትና ወንበር ደግሞ ገንዘብ ይዘው ይቀመጣሉ። ባለ አንድ ወንበር ቤት ውድ የወንበር ኪራይ ነው፤ ሁለተኛ ሰው የሚያሠራ ደንበኛ ሲኖርዎ ያስቡበት። እስከዚያው ሙሽራና ሚዜዎችን ቤታቸው ሄዶ መሥራት ጥሩ ጭማሪ አለው። ብቻ ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ወስዶ 5 ራስ ካስቀረብዎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሚቀበሉት ኪሳራ ነው፤ ትራንስፖርቱም ገና አልተቆጠረም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለ8 ዓመት ፀጉር ሠርቻለሁ፤ አሁን ሎስ አንጀለስ ነኝ። ወንበር ተከራይቼ ወዲያው መጀመር እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይጀምሩ፤ ቅጣቱ ለሠራተኛውም ለቤቱም ይተርፋል። ካሊፎርኒያ ለወንዶች ፀጉር ሥራ የምትጠይቀው ሥልጠና ከ2022 ጀምሮ ከ1,500 ወደ 1,000 ሰዓት ወርዷል፤ የተግባር ፈተናውም ቀርቶ የጽሑፉ ብቻ ነው። ስለዚህ እጅዎ የሰለጠነ ቢሆንም የሚፈትንዎ እንግሊዝኛው ነው፤ በተለይ የንጽሕና አጠባበቅና የቆዳ በሽታ ቃላትን ቀድመው ያጥኑ። ፈቃዱን አግኝተው ወንበር ከተከራዩ ደግሞ በሕግ ዓይን የራስዎ አሠሪ ነዎት፤ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ከትርፍዎ 15.3 በመቶ ገደማ ራስዎ ይከፍላሉ። ገንዘቡን በየሳምንቱ ለይተው ያስቀምጡ፤ የወንበር ኪራዩን፣ የማሽኑንና የምላጩን ደረሰኝ አይጣሉ፣ ትርፉ የሚሰላው እነሱ ከተቀነሱ በኋላ ነው።