ላይኩ ሞልቶ መጽሐፉ ካልተሸጠ

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት እህቴ። የአጭር ልቦለድ መድብልሽን በራስሽ ወጪ አሳትመሻል። ሽፋኑን ፌስቡክ ላይ ለጥፈሽ «እንኳን ደስ አለሽ» ዘንቦልሻል፤ ካርቶኑ ግን ሳሎን ውስጥ እንደተቆለለ ነው። አሁን «ቡስት እናድርግልሽ»፣ ማለትም ለፌስቡክ ተከፍሎ ፖስትሽ ለብዙ ሰው ይታይልሽ፣ የሚል ሰው መጥቷል። ልክፈለው ወይ ብለሻል። ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይወጣብኝ ይሆን የሚል ስጋትም አለሽ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ በራሴ አሳትሜ የምሸጥ ነኝና የማውቀውን ልበልሽ። ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ገንዘቡን ያዢው። ቡስት ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። ያንቺ ችግር ሰው አለመስማቱ ስላልሆነ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ያለሽ ሁሉ መጽሐፍ ማውጣትሽን ያውቃል። የማያውቀው የት፣ በስንት ብር፣ እንዴት እንደሚያገኘው ነው። ፖስትሽን ገብቼ አየሁት። ዋጋው አልተጻፈበትም። የሚሸጥበት ቦታም አልተጻፈበትም። «የት ይገኛል?» ብለው ለጠየቁሽ ሁሉ «ኢንቦክስ» ብለሽ መልሰሻል። ይህ መልስ ገዢ ያባርራል። ዋጋው የተደበቀ ነገር ለሰው ውድ ይመስለዋል። ደግሞ ጸሐፊዋን በግል አናግሮ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከዚያ ዝም ማለት ያሳፍራል። ይሉኝታችንን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ላይክ ያደርግና ያልፋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ቋሚ ቦታ ይኑርሽ። ለእኛ አገር ከቴሌግራም ቻናል የሚሻል አላየሁም። ፌስቡክ ላይ ዛሬ የጻፍሽው ነገ ይቀበራል። ቻናል ውስጥ የገባ ሰው ግን ወደ ላይ ሄዶ ሁሉንም ያገኘዋል። እያንዳንዱን ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳየውም ከሥሩ ይታይሻል። ለዌብሳይት ማሠሪያ ብር አታውጪ፣ ቢያንስ ለአሁኑ። ቻናሉን ለሁሉም ክፍት አድርጊና አናቱ ላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጊ። እንዲህ ያለ፦

«የመጽሐፉ ርዕስ። አጫጭር ልቦለዶች። 168 ገጽ። 350 ብር። ሐዋሳ፦ ፒያሳ እና ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ፣ በእነዚህ መደብሮች። ሐዋሳ ውስጥ ያሉበት ድረስ እናመጣለን፤ የባጃጅ ብቻ ይጨምራሉ። አዲስ አበባና ሌላ ከተማ በአውቶቡስ እንልካለን፤ የመላኪያው በእርስዎ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ። የከፈሉበትን ስክሪንሾት ከስምዎና ከስልክዎ ጋር ይላኩ።»

በቃ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የመደብሮቹን ስም ግን አንድ በአንድ ጻፊ። ከዚህ በኋላ የትም ብትለጥፊ፣ ፌስቡክም ይሁን ቲክቶክ፣ መጨረሻው ወደዚህ መልእክት የሚወስድ ሊንክ ነው። «የት ይገኛል?» ላለሽም መልሱ ይኸው ሊንክ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ድሮ ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ባንክ የሚሰለፍ ማን ነበር? ግን ስክሪንሾት አይተሽ ብቻ መጽሐፍ አትላኪ። ገንዘቡ በአንቺ በኩል መግባቱን እዪ። ለ350 ብርም ስክሪንሾት የሚያቀናብር አይጠፋም፤ ምን ይደረግ።

መደብሮቹን ካነሣሁ አይቀር፦ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻቸውን ይይዛሉ። ስንት እንደሚይዙ፣ የተሸጠውን መቼ እንደሚያስረክቡሽ በጽሑፍ ተፈራረሚ። በዘመድም ቢሆን። በተለይ በዘመድ ከሆነ።

ስለ ርዕስሽ ደግሞ አንድ ነገር። ሽፋኑ ላይ «ፀሐይ» ብለሽዋል። አንባቢሽ ግን «ጸሀይ» ብሎም፣ «ፀሃይ» ብሎም፣ «ጸሐይ» ብሎም ይጽፋል። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ስልኩ ግን የሚያየው የተለያየ ፊደል ነው። ቴሌግራም ላይ በአንዱ ስትፈልጊ ሌላውን ላያመጣልሽ ይችላል። ስለዚህ ቻናሉ መግለጫ ላይ ርዕሱን በሁሉም አጻጻፍ ደርድሪው፤ በላቲን ፊደልም ጨምሪ፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የለውም። የራስሽንም ስም እንደዚያው። የሽፋኑን ፎቶ ስትለጥፊም ርዕሱን ከሥሩ በጽሑፍ ድገሚው። ፎቶ ውስጥ ያለ ፊደል ፈልጎ የሚያገኝልሽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ምን ይለጠፍ? ሽፋን ደጋግሞ መለጠፍ ያሰለቻል። «ግዙልኝ» ማለት ደግሞ ለአንድ ሰሞን ጓደኛን ይይዛል እንጂ አንባቢ አያመጣም። የማያውቅሽን ሰው የሚያቆመው ዓረፍተ ነገርሽ ነው።

ጥያቄሽ ላይ ያያያዝሽውን ገጽ አነበብኩት። የሚጀምረው በሐይቁ ማለዳ ነው፤ ጭጋጉ፣ ወፎቹ፣ የፀሐይዋ አወጣጥ። ያምራል። ግን ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚሄድ ሰው ለማለዳ አይቆምም፤ እኛ ሐዋሳዎች እንኳ በየቀኑ እያየነው አንቆምም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ምን ብለሻል? «አባቴ ዋና የተማረው ጀልባውን በሸጠ ማግስት ነው።» እህቴ፣ ይህን ይዘሽ ጭጋግ ምን ያደርግልሻል! ከዚህ ጀምሪ። ስድስት ሰባት መስመር ሂጂና እናትየዋ በሩን ስትከፍት ቁረጪው። ማን እንደመጣ አትንገሪ። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍ ሲያገኝ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በታች ያለውን ስለሚያጥፈው፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከማጠፊያው በላይ መሆን አለባት። መጨረሻው ላይ ርዕሱ፣ ዋጋው፣ ሊንኩ። «ቀሪውን ለማወቅ መጽሐፉን ይግዙ» አያስፈልግም፤ ማወቅ የፈለገ ራሱ ይመጣል።

ከየታሪኩ እንዲህ ያለች አንድ ቦታ ፈልገሽ ዝርዝር ያዢ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብትለጥፊ ይበቃል። በየቀኑ ከሆነ ግን ሰዉ ቻናሉን ድምፅ አልባ ያደርገዋል።

ድምፅም ሞክሪ። እኛ ልቦለድን በጆሯችን የለመድን ሰዎች ነን። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ያንን ድምፅ እያነሡ ይጨዋወታሉ። ስልክሽን ይዘሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አንብቢና ቻናሉ ላይ ጫኚው። ስቱዲዮ አትከራዪ፤ ባጃጅ የማይሰማበት ክፍልና መጋረጃ ይበቃሻል። ተዋናይ ቀጥረው የሚያስነብቡ አሉ። ለእኔ ግን የጸሐፊዋ የራሷ ድምፅ፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም፣ ይበልጣል። ያንኑ ድምፅ ከሐይቁ ዳር በቀረጽሽው ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ቲክቶክ ላይ አውጪው። ማለዳሽ እዚያ ይጠቅምሻል! ፊትሽን ማሳየት ካልፈለግሽ እጅሽና መጽሐፉ ይበቃሉ።

አንባቢ አስተያየት ሲልክልሽ ፈቃዱን ጠይቀሽ ለጥፊ። ግን ምረጪ። «በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው» ማንንም አይገፋፋም። «ሦስተኛውን ታሪክ ታክሲ ውስጥ እያነበብኩ ወራጅ ማለት ረሳሁ» የሚል ከመጣልሽ ግን ፒን ካደረግሽው ሥር አስቀምጪው። ራስሽ ጽፈሽ በሌላ ሰው ስም እንዳትለጥፊ ብቻ። እዚህ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል።

ነጻ ኮፒ ብዙ ተከታይ ላለው ሳይሆን ለሚያነብ ስጪ፤ ለአማርኛ መምህር፣ ለንባብ ክበብ ልጆች፣ ለቤተ መጻሕፍት። ብዙ ተከታይ ያለው ከሽፋኑ ጋር ፎቶ ይነሣና ያልፋል።

ስለ ጊዜው፦ ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት ዋጋና አድራሻ ይለጠፍ። ወሩ ሲጋመስ ቅንጭብና ድምፅ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሰዉ ራቱን በልቶ ስልኩ ላይ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ስለ ሐይቁ የሚያወራ መጽሐፍ ለእንግዳው ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ውጭ አገር ያሉትንም አትርሺ። መጽሐፉን እነሱ ጋ ማድረስ ውድ ነው፤ ግን «እዚህ ላለ ዘመድዎ በስጦታ እናደርስልዎታለን» ብትያቸው ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። እህት ወይም ወንድም በቴሌብር ይከፍልላቸዋል፣ አንቺ የስጦታ ወረቀቱን ትጠቀልያለሽ።

ፒዲኤፉን በተመለከተ። ሙሉውን ፋይል ለማንም አትላኪ፤ አስተያየት ለሚሰጥሽ ሰው እንኳ የታተመውን ስጪ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ጽሑፍ እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። አንቺ ግን አታብሪው። ቅንጭብሽ ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄድ ነው የምትፈልጊው፤ ከዘጋሽው ማን ያስተዋውቅልሻል? መጽሐፉን ፎቶ እያነሣ የሚበትን ሰው ደግሞ በዚህ አይቆምም።

ከወጣብሽስ? መጀመሪያ ለቻናሉ ባለቤት በትሕትና ጻፊለት። ብዙዎቹ ጸሐፊዋ ራሷ ስትመጣ አፍረው ያነሡታል። እምቢ ካለ ቴሌግራም የቅጂ መብት ቅሬታ የሚቀበልበት ኢሜይል አለው፤ የቻናሉን ሊንክ፣ የሽፋኑንና የውስጥ ገጹን ፎቶ አያይዘሽ ላኪ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሳታስመዘግቢም ሥራሽን ይጠብቅልሻል፤ ስለዚህ «መቼ አስመዘገብሽው?» የሚልሽን አትስሚው። አንድ ነገር ብቻ አታድርጊ፦ ፌስቡክ ወጥተሽ «እገሌ የሚባል ቻናል ላይ መጽሐፌ ተለጠፈ!» ብለሽ አትጩኺ። ያላወቀው ሁሉ እዚያ ሄዶ ያወርደዋል።

ቡስቱ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ከለጠፍሻቸው ቅንጭቦች አንዱ በራሱ ሼር እየተደረገ ሲሄድ ታዪዋለሽ። ገንዘብ የሚወጣው በዚያ ላይ ነው፤ በሽፋኑ ላይ አይደለም። ቦታውን ሐዋሳና አዲስ አበባ ላይ ወስኚው፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ በትንሽ ብር። የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ በመሀል ሰው ማሠራትሽ አይቀርም። ቢሆንም የይለፍ ቃልሽን አትስጪው። ገጽሽ ላይ ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ ለይተሽ መስጠት ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ካላወቀ ራሱ ቡስት አድራጊ አይደለም ማለት ነው።

ያንን ፒን የሚደረግ መልእክት ስትጨርሺ እዚሁ ከሥር ለጥፊልን፤ የጎደለ ካለ እንጨምርልሻለን። ለእኔ አንድ ኮፒ ያዢልኝ። አሞራ ገደል በኩል ነኝ፣ ባጃጁን እከፍላለሁ።